«ፊዚክስ ተምሬ ምን ልሆን ነው?» ለምትሉኝ ልጆች

ጽሑፉ ረዘም ይላል። መብራት ሳይጠፋ አንብቡት።

የ10ኛ ክፍል ልጆች «ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?» የሚሉበት ሰሞን ሲመጣ የሚጠይቁኝ ነገር ከዓመት ዓመት እየተቀየረ ነው። ማስተማር ስጀምር «ቲቸር፣ ፊዚክስ ይከብደኝ ይሆን?» ይሉኝ ነበር። አሁን «ይከብዳል» የሚለውን ትተውታል። «ቲቸር፣ ፊዚክስ ተምሬ ምን ልሆን ነው? እንደ እርስዎ መምህር?» ነው የሚሉት። በትህትና ነው የሚናገሩት፣ ግን ገብቶኛል። ደመወዜን ያውቁታል። ጫማዬንም ያዩታል።

አልፈርድባቸውም። ዲክሲስ ያደገ ልጅ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር የሚነዳው ሰው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ባጃጅ የገዛውን ያውቃል። አረብ አገር የሄደችው የጎረቤት ልጅ የላከችውን ብር ያውቃል። ፊዚክስ ተምሮ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቾክ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመው ሰውዬ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሌላ ሰው ላሳያችሁ።

ዶ/ር ሰለሞን አሰፋ ይባላሉ። ያደጉት አዲስ አበባ ነው። ከዚያ አሜሪካ ሄደው ኤም አይ ቲ የሚባለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ዲግሪ በፊዚክስ፣ አንድ ዲግሪ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያዙ። በ2004 ዶክትሬታቸውን ጨረሱና አይ ቢ ኤም የሚባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ የምርምር ማዕከል ገቡ። እንግዲህ አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «አየህ! ፊዚክሱን ትቶ ወደ ገንዘቡ ሄደ» ይላል። እስቲ የሄዱበት ቦታ ምን እንደሠሩ እንይና ትተውት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ኮምፒዩተር ውስጥ መረጃ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው የሚሄደው በመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ ሽቦው ይሞቃል። ይህን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ብለነዋል፤ ሬዚስታንስ ካለ ሙቀት አለ። ስልካችሁ ቪዲዮ ስታዩበት እጃችሁን የሚያሞቀው በዚሁ የተነሳ ነው። አንድ ስልክ ቢሞቅ ኪስ ያሞቃል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በአንድ አዳራሽ ተደርድረው ሲሞቁ ግን ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚበላው መብራት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነቱም እየተወሰነ ይሄዳል።

ዶ/ር ሰለሞንና ባልደረቦቻቸው የሠሩበት መንገድ «መረጃውን በኤሌክትሪክ ከመላክ ለምን በብርሃን አንልከውም?» የሚል ነው። ቺፑ ላይ ከፀጉር በጣም የቀጠነ የሲሊከን መስመር ይሠራል፤ ብርሃኑ በዚያ ውስጥ ይሮጣል። ብርሃኑ ለምን ወደ ጎን አያመልጥም? የድሮ ተማሪዎቼ ይህን የማትመልሱ ከሆነ ተጣልተናል! ቶታል ኢንተርናል ሪፍሌክሽን ነዋ። የሲሊከን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 3.5 ገደማ ነው፣ ዙሪያውን የሸፈነው ቁስ ደግሞ 1.45 ገደማ። ብርሃን ኢንዴክሱ ከበዛው ወደ አነሰው ሊወጣ ሲል፣ አንግሉ ከክሪቲካል አንግል ካለፈ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃ በሞላ ብርጭቆ ያሳየኋችሁ ነገር ራሱ ነው፣ ትንሽ ሆኖ ተሠርቶ ነው እንጂ።

መንገዱ ካለቀ በኋላ ብርሃኑ ተመልሶ ኤሌክትሪክ መሆን አለበት፣ ቺፑ የሚገባው በኤሌክትሪክ ስለሆነ። ይህን የሚሠራው ዕቃ ፎቶዲቴክተር ይባላል። በመጋቢት ወር 2010 (እ.ኤ.አ.) ዶ/ር ሰለሞን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ስለዚህ ዕቃ የጻፉት ጥናት «ኔቸር» በሚባለው ትልቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ስማቸው ከጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። ዕቃው ከጀርማኒየም የተሠራ ሆኖ የሚሠራበት ዘዴ አቫላንሽ ይባላል። ከጭላሎ አናት አንድ ድንጋይ ብታንከባልሉ ሌሎቹን እየገፋ፣ እነዚያም ሌሎችን እየገፉ እንደሚወርዱት ነው። ብርሃኑ አንድ ኤሌክትሮን ያስነሳል፤ ያ ኤሌክትሮን በኤሌክትሪክ ፊልዱ ፈጥኖ ሌሎችን ገጭቶ ያስነሳል፤ ደካማው ምልክት ይጎላል። እንደዚህ ዓይነት ዕቃ ድሮም ነበር፣ ግን የሚፈልገው ቮልቴጅ ከፍተኛ ስለነበር ቺፕ ውስጥ ማስገባት አይቻልም ነበር። የነሱ በስንት ቮልት ሠራ መሰላችሁ? በ1.5 ቮልት።

1.5 ቮልት ማለት አንድ የሬዲዮ ድንጋይ ነው! ክፍል ውስጥ አምፖል የምናበራባት፣ ስትደክም ፀሐይ ላይ የምናሰጣት ድንጋይ። በዚያች ቮልቴጅ በሰከንድ 40 ቢሊዮን ቢት ይቀበላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012 መጨረሻ፣ ኩባንያው የብርሃኑንና የኤሌክትሪኩን ክፍል በአንድ ቺፕ ላይ በተለመደው የፋብሪካ አሠራር ማምረት እንደሚቻል አሳየ። በ2011 ደግሞ የኤም አይ ቲ የቴክኖሎጂ መጽሔት ዶ/ር ሰለሞንን ዕድሜያቸው ከ35 በታች ከሆኑ የዓለም ፈጠራ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

አሁን ንገሩኝ፣ ፊዚክስን ትተውታል? እኔ የማየው ፊዚክሱን ተሸክመውት እንደሄዱ ነው። ኩባንያው የቀጠራቸው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስላወቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ሞልቷል። ብርሃንና ኤሌክትሮን ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው ነው የፈለጉት።

ይህ ደግሞ የእርሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም። ስልክ፣ ኮምፒዩተር፣ ቴሌቪዥን ሁሉ የቆመበት ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሠራ የሠሩት ሦስት የፊዚክስ ሰዎች የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተቀጣሪዎች ነበሩ። በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱበት። አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ድረ ገጽ የሚባል ነገር የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ኦክስፎርድ የተማረው ፊዚክስ ነው፤ ሐሳቡን በ1989 ያቀረበውም ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ ነው። የቴሌ ፋይበር ኬብል የቆመበትን ሐሳብ ያቀረበው ቻርልስ ካኦም በ1966 ጥናቱን ሲያወጣ የቴሌኮም ኩባንያ ተመራማሪ ነበር። በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው አሁን የሁሉም ሰው ወሬ። የ2024ቱን የፊዚክስ ኖቤል እነማን ወሰዱት? ጆን ሆፕፊልድና ጄፍሪ ሂንተን፣ ማሽን ራሱ እንዲማር ላስቻሉት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው። ሆፕፊልድ የፊዚክስ ሰው ነው። በ1982 ያወጣው ሥራ አንድ መረብ «እንዲያስታውስ» የሚያደርገው፣ ዝናብ ከተራራ ወርዶ ሸለቆ ውስጥ እንደሚረጋው፣ ኢነርጂው ዝቅ ወዳለበት እየወረደ እንዲረጋ በማድረግ ነው። ሂንተን ደግሞ የኮምፒዩተር ሰው ሆኖ ሳለ የተጠቀመበት ቀመር ከ19ኛው ክፍለ ዘመኑ የፊዚክስ ሊቅ ከቦልትዝማን የተወሰደ ስለነበር መሣሪያውን በሰውየው ስም ጠራው። ያ የፊዚክስ ክፍል ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይባላል። አንዲት የስንዴ ፍሬ ከእጃችሁ ስታመልጥ የት እንደምታርፍ ማንም አይነግራችሁም፤ ኩንታሉ ምን እንደሚመዝን ግን ይታወቃል። አንዱን ሞለኪውል ሳይከተሉ የቢሊዮኖቹን ጠባይ ማወቅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ሰው የማነሳው። ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ «ሁላችሁም ፊዚክስ ተምራችሁ ኩባንያ ተቀጠሩ» ብሎ የሚረዳኝ እንዲኖር አልፈልግም።

አገራችን ውስጥ ይህንኑ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩ ሰው አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶ/ር ሙሉጌታ በቀለ። በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። እስር ቤት ውስጥም አብረዋቸው ለታሰሩት ሳይንስ አስተምረዋል። ከእስር ወጥተው ደግሞ ሕንድ አገር ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰው እዚሁ ማስተማር ቀጠሉ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኩባንያ አልሄዱም። ሌላው ሰው በኩባንያ የሚሠራበትን ዕውቀት ለትውልድ ያቀበሉ ሰው ናቸው።

እኔ ሁለቱን አላወዳድርም። አንዱ ጀግና ሌላው ከሃዲ አይደሉም። የሄደውን «አገሩን ከዳ»፣ የቀረውን «ሞኝ» እያልን የምንሰድበው ነገር ይሰለቸኛል። ዶ/ር ሰለሞንም ቢሆኑ ቆይተው ፊታቸውን ወደ አህጉራቸው መልሰው የኩባንያውን የአፍሪካ ምርምር መርተዋል። ቤተ ሙከራዎቹ ግን የተከፈቱት በ2013 ናይሮቢ፣ በ2016 ጆሃንስበርግ ነው። ልጁን ኢትዮጵያ ወለደችው፣ ቤቱ ጎረቤት ተሠራ። «ለምን ሄዱ?» ከማለት «ቢመጡ የት ይገቡ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ይሻለናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ሦስት ነገር እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ «ቲቸር፣ ኮዲንግ እኮ በስልክ መማር ይቻላል፤ ፊዚክስ ለምን ያስፈልጋል?» የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ብዙ ሰው ይለኛል። ሥልጠናውን አልቃወምም፤ ተመዝገቡ፣ ሰርተፍኬቱንም ውሰዱ። ግን ሥልጠናው ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። ዳታ ሳይንስ ትላላችሁ፣ አማካይና ስርጭት ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ትላላችሁ፣ ቬክተርና ስሎፕ ነው። ማሽኑ የሚማረው ስህተቱን እየለካ፣ ስህተቱ ወደሚቀንስበት አቅጣጫ በስሎፑ እየወረደ ነው። ስሎፕ ምን እንደሆነ ከየት ነው የምታውቁት? 9ኛ ክፍል የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ላይ «ስሎፑ አክስለሬሽን ነው» ብለን ስንጮህ ነው። ያን ዘልሎ ኮዲንግ ብቻ የያዘ ልጅ መሪ መያዝ የሚችል ግን ሞተር ሲቆምበት ኮፈኑን የማይከፍት ሹፌር ይሆናል። ደግሞ ቀላል ቀላሉን ኮድ አሁን ማሽኑ ራሱ እየጻፈው ነው።

ሁለተኛ፣ «እሱ ኤም አይ ቲ ተማረ፣ እኛ ያለነው ዲክሲስ።» ይህ እውነት ነው፤ ልሸፋፍነው አልችልም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ ይወድቃል ማለት ነው። ልጁን ብቻ «ሰነፍ» ብለን አንገላገልም። እኔ ራሴ ዲፕሎማ ይዤ ሃይስኩል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ዲግሪና ማስተርስ ያለው የፊዚክስ መምህር በበቂ ቢኖር ኖሮ ቦታው የኔ ላይሆን ይችል ነበር። በራቸው ላይ «ላቦራቶሪ» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥባቸው ክፍሎች አይቻለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ቤቱ ኦሮምኛ ወይ አማርኛ ነው የሚያወራው። ስለዚህ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የምናስረዳው፣ አንዴ በመጽሐፉ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ክፍለ ጊዜው ግን ያው አንድ ነው።

ነገር ግን እኛ አርሲዎች «ከገጠር ከተማ አይወጣም» የሚለውን ወሬ ለማመን የመጨረሻዎቹ ሰዎች ልንሆን ይገባል። በቆጂን እናውቃለን። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከዚያው አካባቢ ናቸው። ያሠለጠናቸው ሰንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የበቆጂ ልጅ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጠው ለምንድን ነው? ብርዱን ስለሚወድ አይደለም። ከሱ ሰፈር ተነስቶ ሮጦ የደረሰ ሰው ስላየ ነው። «ሮጬ ምን ልሆን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የበቆጂ ልጅ የለም፤ መልሱን በዓይኑ አይቶታል።

እርግጥ ነው፣ ለሩጫ እግርና ሜዳ ይበቃል፤ ለፊዚክስ ላቦራቶሪ፣ መብራት፣ መጽሐፍ፣ መምህር ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት ቢሮውም ወረዳውም ሊሠራው ይገባል፤ «በጀት የለም» የሚለውን መልስ ለምደነዋል፣ ግን መጠየቃችንን አናቆምም። የሚታይ ሰው ማሳየት ግን በጀት አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ «ጎበዙ ሁሉ ኩባንያ ከሄደ ማን ያስተምራል?» ይህ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ወደ ባንክ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ወደ ንግድ ሲሄድ አይተናል። እኔ አልከለክለውም፣ ልጆች አሉት። ግን ዶ/ር ሰለሞንን የሚያህል ተመራማሪ ቢፈለግ መጀመሪያ አንድ ሰው 9ኛ ክፍል ላይ ብርሃን ለምን እንደሚታጠፍ በትክክል ማስረዳት አለበት። ያ ሰው ቤት ኪራይ መክፈል ካልቻለ አይቆይም። ቴክኖሎጂ እንፈልጋለን የሚል መንግሥት ከሥልጠናው እኩል የፊዚክስና የሒሳብ መምህሩን ኑሮ ማሰብ አለበት። ምንጩን ዘግቶ ከቧንቧው ውኃ መጠበቅ አይሆንም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው።

ልጆች፣ ናቹራል የምትገቡ ከሆነ ፊዚክስን «የመምህር ትምህርት» ነው ብላችሁ አትፍሩት። መምህር ለመሆን ያበቃል፣ ቺፕ ለመሥራትም ያበቃል፣ ማሽን ለማስተማርም ያበቃል። ዛሬ ምን እንደምትሆኑ ባታውቁ ችግር የለውም። ድረ ገጽን የፈጠረው ሰው ፊዚክስ ሲማር ድረ ገጽ የሚባል ሥራ አልነበረም።

ወላጆች፣ «ልጄ ኮምፒዩተር ይማርልኝ» ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ግን ፊዚክስና ሒሳቡን «ይቅርበት» አትበሉኝ። እሱ ነው የኮምፒዩተሩ መሠረት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከሁሉም በላይ የምፈልገው እናንተን ነው። ቴሌ ፋይበር የምትዘረጉ፣ ሆስፒታል ራጅ የምታነሱ፣ ሶላር የምትተክሉ፣ ባንክ ሲስተም ላይ የምትሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በዓል ላይ ስትመጡ ሰላም ብላችሁኝ ታልፋላችሁ። ከአሁን በኋላ በሰላምታ አልለቃችሁም! አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ ብቻ ስጡኝ። ክፍል ገብታችሁ «እዚች ወንበር ላይ ነበርኩ፣ አሁን ይህን እሠራለሁ፣ ከፊዚክስ የጠቀመኝ ይህ ነው» በሉ። ያልጠቀማችሁንም ተናገሩ፣ አልቀየምም። ትልቅ ደመወዝ ባይኖራችሁም ኑ። ልጆቹ ከቾክ ያዡ ሰውዬ ሌላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰው ይዩ።

መምጣት ያልቻላችሁ ደግሞ የተበላሸ ሞባይል፣ አሮጌ ሲዲ፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ቁርጥራጭ ሽቦ ካላችሁ አትጣሉት፣ ላኩልኝ። በአንድ ሲዲ ብርሃን እንዴት እንደሚበተን አሳያለሁ። ሬዲዮውን ፈትተን ትራንዚስተር ምን እንደሚመስል እናያለን። ድንጋይ የምትልኩ ግን አዲስ ይሁን፤ የደከመውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ሰልችቶናል።

ፊዚክስ ተምራችሁ አሁን ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ከታች በአንድ መስመር ጻፉልኝ። ሰኞ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ። የማትስማሙም ጻፉ፣ እንከራከራለን። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።

ሰላም ሁኑልኝ።